ካሜራው አጠገብሽ ነው፦ ለቲቪ ድራማ አሳንሶ መተወን

ደብረ ብርሃን ሆነሽ ቲቪ ድራማ ላይ መተወን የምታልሚ እህቴ፣ ይሄን የምጽፈው ለአንቺ ነው። አብዛኞቻችን የጀመርነው የትምህርት ቤት መድረክ ላይ ነው። እዚያ መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው እንዲሰማ ድምፅ ይነሳል፣ እጅ ይወናጨፋል፤ ትክክልም ነው። ካሜራ ግን አጠገብሽ ነው። ክሎዝ አፕ ላይ ፊትሽ ስክሪኑን ሲሞላው የቅንድብሽ እንቅስቃሴ እንኳ ጩኸት ይሆናል።

መጀመሪያ ሄለን ሚረንን እዪ። እንግሊዛዊት ናት፣ ሼክስፒርን መድረክ ላይ ስትጫወት ነው የበሰለችው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2006 ድረስ ፕራይም ሰስፔክት በተባለው የቲቪ ድራማ ላይ መርማሪ ፖሊስ ሆና ሠርታለች፤ ሁለት ጊዜም ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቲቪ ሽልማት አሸንፋበታለች። አለቃ ሆና ስትመጣ ወንዶቹ አይቀበሏትም። አንዱን ትዕይንት ድምፁን አጥፍተሽ ተመልከቺ፤ ንግግሩ ባይገባሽም ምን እንደዋጠች ከዓይኗ ታነቢያለሽ።

ከዚያ ስልክሽን መስኮት አጠገብ አስደግፊና አንድ ደቂቃ ቅረጪ። መጥፎ ዜና በስልክ ስትሰሚ ይሁን። መጀመሪያ እንደ መድረክ ተጫወቺው። ቀጥሎ በግማሽ ቀንሺው። በሦስተኛው ምንም አታሳዪ፣ ነገሩን ብቻ ከልብሽ አስቢው። በማግስቱ እዪውና የትኛውን እንዳመንሽ ለራስሽ ንገሪ።

ለእጅሽ ሥራ ስጪው። መንዝ ውስጥ የበግ ፀጉር የሚፈትሉ እናቶችን አይተሽ ከሆነ ይገባሻል። ወሬው እየተወራ እንዝርቷ ትሽከረከራለች፤ ከባድ ነገር ሲነገር ግን ለአፍታ ቆም ትልና መልሳ ትዞራለች፣ እናትየዋም ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ከዚህ የተሻለ የትወና ትምህርት አላየሁም!

ማድመጥም ትወና ነው። እኛ ስናደምጥ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንላለን። ያቺ ትንፋሽ አንድ ገጽ ቃለ ተውኔት ታህላለች፣ አትጣያት። የራስሽን ተራ እየጠበቅሽ ዓይንሽ ከፈዘዘ ግን ካሜራው ወዲያው ይይዝሻል።

ማሳነስ ማለት ባዶ መሆን አይደለም። ከእያንዳንዱ ትዕይንት በፊት ሁለት ነገር ጻፊ፦ የምትጫወቻት ሴት ምን ትፈልጋለች? ምን ትደብቃለች? ለቅሶ ሲመጣም እንባውን አትግፊው፤ ሰው የምር ሲከፋው እንዳያለቅስ ነው የሚታገለው፣ ተመልካቹን የሚያስለቅሰውም ትግሉ ነው።

ደግሞ ብርዱን አትርሺ። ከ2,700 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ጠዋት ውጪ ስትቀረጪ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይሸሻል፣ ስክሪን ላይ ደግሞ ፍርሃት ይመስላል። ጋቢሽን ከመጣልሽ በፊት ሰውነትሽን አፍታቺ።

ቀረጻ ላይ ከመጀመርሽ በፊት ካሜራማኑን «ፍሬሙ እስከ የት ነው?» ብለሽ ጠይቂው፣ ነውር የለውም። እስከ እግርሽ ከሆነ አካሄድሽ ይናገር። ፊትሽ ብቻ ከሆነ ዓይንሽ ይበቃል።