ነበልባሉ ቢጫ ሆነ፣ ሲሊንደሩ ሸተተ፦ የቤት ጋዝ ችግርና መፍትሄ

የቤት ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ሁለቱም አልኬኖች ናቸው፤ ካርቦንና ሃይድሮጅን በነጠላ ቦንድ ተያይዘው የተሠሩ። ፕሮፔን 3 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን፣ ቡቴን 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። አልኬን ከአሲድም ከቤዝም ጋር በቀላሉ አይነካካም፤ ዋና ሥራው መቃጠል ነው። ስለዚህ ምድጃው ሲያስቸግር መንስኤው ከጥቂት ነገር አያልፍም፦ የሚደርሰው አየር፣ የሚፈላበት ሙቀት፣ ክብደቱ፣ ጎማ ውስጥ የመስረግ ጠባዩ።

ነበልባሉ ቢጫ ነው፣ ድስቱ ይጠቁራል

አንድ ሊትር የፕሮፔን ጋዝ በሙሉ እንዲቃጠል 5 ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል። ከአየር ውስጥ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ስለሆነ ይህ ወደ 24 ሊትር አየር ማለት ነው፤ ለቡቴን ደግሞ ወደ 31 ሊትር። አየሩ ሲያንስ ካርቦኑ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ድስት ላይ ይለጠፋል። ከጥላሸቱ የሚከፋው አብሮት የሚወጣው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም።

ምድጃውን ከመፍታትዎ በፊት ቢጫው የአየር ማነስ መሆኑን ያረጋግጡ። ጨው ያለው ወጥ ገንፍሎ ከሆነ ሶዲየሙ ነበልባሉን ብርቱካናማ ያደርገዋል፣ ጥላሸት ግን አያመጣም። ንጹህ የብረት ማንኪያ በመቆንጠጫ ይዘው ነበልባሉ ላይ 10 ሰከንድ ያቆዩ። ከጠቆረ የአየር ችግር ነው።

የሲሊንደሩን ቁልፍ ይዝጉ፣ ምድጃው ይቀዝቅዝ። የእሳት መውጫውን ክዳን አንስተው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፣ ቀዳዳዎቹን ይክፈቱ፣ በደንብ ያድርቁ። ቀጥሎ ጋዝና አየር የሚቀላቀሉበትን ቱቦ ይመልከቱ፤ የሸረሪት ድር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ከገጠሙ በኋላ አየር ማስገቢያውን ቢጫው ጫፍ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ በቀስ ይክፈቱ።

ጋዙ በሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ መርፌ ወይም ሽቦ አያስገቡ። ነሐሱ ለስላሳ ነው፤ 0.5 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 0.6 ቢሰፋ የቀዳዳው ስፋት በ44 በመቶ ያድጋል፣ ጋዙም በዚያው ልክ ይበዛል። የጥርስ ብሩሽ ጸጉር ወይም የአየር ንፋት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልጠራ ከፍታውን ያስቡ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷም ከባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተለካ ምድጃ እዚህ ነበልባሉ ይረዝማል። አየር ማስገቢያው ሙሉ ተከፍቶም ካልበቃ አነስ ያለ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ነበልባሉ ከምድጃው ይነሳል፣ ወይም «ጶ» ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል

የሚነሳው አየሩ ወይም ግፊቱ ሲበዛ ነው። ሬጉሌተሩን (ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመውን ግፊት መቀነሻ) ይዩ፦ ለቤት ምድጃ ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊባር አካባቢ ይጻፍበታል። በእጅ የሚዞር የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ከሆነ ይቀይሩት። ወደ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ግፊቱ ሲደክም ወይም ክዳኑ በትክክል ሳይቀመጥ ሲቀር ነው።

ሲሊንደሩ ይከብዳል፣ እሳቱ ግን ይደክማል

ፕሮፔን በ−42፣ ቡቴን በ−0.5 ዲግሪ ይፈላሉ። ጋዝ ሲወሰድ ቀድሞ የሚተነው ፕሮፔኑ ስለሆነ፣ ወደ መጨረሻው የሚተርፈው በአብዛኛው ቡቴን ነው። በ20 ዲግሪ የፕሮፔን ግፊት 8 ባር ያልፋል፤ የቡቴን ግን 2 ባር አካባቢ ነው። ላይ በላይ መትነኑም ራሱ ሙቀት ይወስዳል፣ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ጎኑ ያልበዋል። በህዳርና በታህሳስ ውርጭ ውጭ የሚያድር ሲሊንደር ጠዋት የሚለግመው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ይመዝኑት፤ የባዶው ክብደት ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ጋዝ ካለ ሙቀት ወዳለበትና አየር ወደሚገባበት ቦታ ያዛውሩት። የፈላ ውሃ አያፍሱበት፣ ከሰል አጠገብ አያስጠጉት። አጋድመው አይጠቀሙበት፤ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል። በአንድ ሲሊንደር ብዙ ምድጃ የሚያነዱ ምግብ ቤቶች ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን ቢያገናኙ ቅዝቃዜው ለሁለት ይከፈላል።

ይሸታል

ፕሮፔንና ቡቴን ሽታ የላቸውም። የሚሸተው እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመረው ነው፤ የተለመደው ኤቲል መርካፕታን በ35 ዲግሪ ስለሚፈላ ቀስ ብሎ ይተናል፣ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ይጠናል። ቢሆንም «ሊያልቅ ነው» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ቁልፉን ከፍተው የሳሙና አረፋ በስፖንጅ መጋጠሚያዎቹ ላይ ይቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዙ የሚያፈሰው እዚያ ነው። በክብሪት አይፈትሹ።

ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ጎማ ነው። አልኬን ውሃ አይወድም፤ ተራ ጎማ ውስጥ ግን ይሰርጋል፣ ያሳብጠዋል፣ ኋላም ይሰነጥቀዋል። የውሃ ጎማ ለጋዝ የማይሆነው ለዚህ ነው። ጎሚኒው (መጋጠሚያው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት) ላይ ቫዝሊን መቀባትም ያው ነው፤ ቫዝሊን ራሱ በአብዛኛው ረጃጅም አልኬን ነው። ለጋዝ ተብሎ የተሠራ ቱቦ ይግዙ፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ (ቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ያጥብቁ፣ ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ አይጠግኑት፣ ይቀይሩት።

ሽታው ቤቱን ከሞላ ቁልፉን ይዝጉ፣ መብራት አያብሩም አያጥፉም። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ምድር ቤትና ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይወርዳል። ላይኛውን መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም፣ በሩ ይከፈት። ውሃ መርጨት አይረዳም፣ ጋዙ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ከአየሩ 2 በመቶ ያህሉ ጋዝ ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

የሲሊንደር ምድጃ በባዮጋዝ አልነድ አለ

ባዮጋዝ ውስጥ የሚነደው ሜቴን ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አንድ ሊትር ሜቴን የሚፈልገው ወደ 9.5 ሊትር አየር ነው፣ የሚሰጠው ሙቀትም ከፕሮፔን ያንሳል። ስለዚህ ሰፊ ቀዳዳና ጠበብ ያለ አየር ማስገቢያ ያለው የባዮጋዝ ምድጃ ይጠቀሙ። ያንን ምድጃ መልሶ ሲሊንደር ላይ መግጠም ግን ጣሪያ የሚልስ፣ ጥላሸታም እሳት ያመጣል።