ፊልሙን መጀመሪያ ለማን አሳያችሁት?

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ አንድ ልጅ መጣና ላፕቶፑን ከፈተ። የድሮ ዘመን ታሪክ ፊልም ሠርቷል። ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

«ጋሼ፣ አሁን ውጭ አገር ፌስቲቫል ልልከው ነው» አለኝ።

«እስካሁን የት የት ታየ?»

«ጅማ አስመርቀነዋል፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ቴሌቪዥንም ቀርጾናል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ለሁለት ቀን ለቀነው ነበር፤ ከዚያ አወረድነው።»

ቡናዬን አስቀመጥኩ።

እኔ ፊልም ሠሪ አይደለሁም። አዳራሽ የምከራይ፣ ፖስተር የማስለጥፍ፣ ፕሮጀክተር የምሸከም ሰው ነኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ፊልም የማሳየትና የማስተዋወቅ ስህተቶች ግማሹን አይቻለሁ፣ ግማሹን ራሴ ሠርቻለሁ።

<b>ማስመረቁን ማስቀደም</b>

እኛ አገር ፊልም ሲያልቅ ይመረቃል። ቀይ ምንጣፍ፣ ኬክ፣ ፎቶ። ደስታው ይገባኛል፤ ሦስት ዓመት የለፋ ሰው ቢጨፍር ምን ይገርማል? ግን ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ቀድመው የሚጠይቁት «ይህ ፊልም ለሕዝብ ታይቷል ወይ?» ብለው ነው። «ወርልድ ፕሪሚየር» ማለት የትም አገር ለሕዝብ አልታየም ማለት ነው። «ኢንተርናሽናል ፕሪሚየር» ደግሞ በተሠራበት አገር ብቻ ታይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር ሲሻገር ነው። የቬኒስ ፌስቲቫል ለዋናው ውድድሩ የመጀመሪያውን ዓይነት ነው የሚፈልገው። በርሊን ሁለተኛውንም ይቀበላል። ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ፊልም ግን ብዙ ቦታ በር ይዘጋበታል። ለሁለት ቀን ነበር ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

ይህን ያወቅኩት በሰው ኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዳይሬክተር «ትንሽ ልጠብቅ» ሲለኝ «ምን ትጠብቃለህ፣ ሕዝቡ ጓጉቷል» ብዬ የገፋፋሁት እኔ ነኝ። ከአጂፕ እስከ መርካቶ ፖስተር ለጠፍኩ። ትኬት ሸጥን፣ አዳራሹ ሞላ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በወሩ ከአንድ ፌስቲቫል ደብዳቤ መጣ። ፊልሙን ወደውታል፤ የቀራቸው ያቺ ጥያቄ ብቻ ነበረች። እውነቱን መለስን። እነሱም በትሕትና ተሰናበቱን። ያ ሰው ለአንድ ዓመት አላናገረኝም። ዛሬም ሰላምታው እንደ አደረ ቡና ነው።

«ታዲያ ሰው ሳያየው ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ትሉኛላችሁ። ለሃያ ሰው አሳዩ፣ ለሠላሳ አሳዩ። ትኬት የለም፣ ፖስተር የለም፣ ጋዜጠኛ የለም። ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል። ያ ሙከራ ነው እንጂ ምረቃ አይደለም።

ከዚያ ሰሌዳ አውጡ። በርሊን የካቲት ላይ ነው፣ ካን ግንቦት ላይ፣ ቬኒስ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ። ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ የሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ፣ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ጎዶሎ ዓመት ብቻ። ካመለጣችሁ ሁለት ዓመት ትጠብቃላችሁ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ታየ፣ ተሸለመ። በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ዋናውን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ይዞ ወጣ። ቅደም ተከተል የምለው ይህን ነው።

ሁላችሁም ቬኒስ ሂዱ እያልኩ አይደለም። ይህን ጥያቄ ጨርሶ የማይጠይቁ ጥሩ ጥሩ ትናንሽ ፌስቲቫሎች ሞልተዋል። ፊልማችሁ ለአገር ቤት ተመልካች ከሆነም ነገውኑ አስመርቁት። ኃይሌ ራሱ ለ«ሳንኮፋ» አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ሲያጣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ ይዞት ዞሯል። ብቻ የትኛው መንገድ እንደሆነ ከመጀመሪያው ፖስተር በፊት ወስኑ።

<b>የፈረንጅ ቀን</b>

አንድ ጓደኛችን የማመልከቻው ማብቂያ ላይ ወር 9 የሚለውን፣ የፈረንጆቹን ሴፕቴምበር፣ ግንቦት ብሎ ቆጠረው። ክረምቱን በሙሉ ተረጋግቶ ተኛ። ሌላው «8 ሰዓት» ብሎ የጠራው የውጭ እንግዳ ጠዋት መጥቶ ከጥበቃው ጋር ስድስት ሰዓት ተቀምጧል። ጥበቃው ቡና አጠጥቶታል፤ እግዜር ይስጠው።

<b>ባሕር ዛፉ</b>

የታሪክ ፊልም ስታስተዋውቁ ፖስተሩም ታሪክ ነው። አንድ ፊልም ነበር፣ በጅማው ንጉሥ በሞቲ አባ ጅፋር የንግሥና መጀመሪያ ዓመታት፣ 1870ዎቹ ላይ የሚተርክ። ፖስተሩ ላይ ፈረሰኛው ከነጋሻው ቆሟል፣ ከኋላው ደግሞ የባሕር ዛፍ ደን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ላይ ለሽማግሌዎች ስናሳያቸው አንድ አባት መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ይህን ባሕር ዛፍ ማን ተከለው?» አሉ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ ወደ 1880ዎቹ መጨረሻ ነው። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ትወናው የጠየቀ ሰው የለም፤ ጥያቄው ሁሉ ስለ ዛፍ ሆነ።

ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ፖስተሩንና ትሬይለሩን ለአገሩ ሽማግሌ አሳዩ። ማዕረጉን አይተው ያርሙላችኋል። «ሞቲ» ማለት ሲገባችሁ «ራስ» ብላችሁ ጽፋችሁ ጅማ ላይ ብትለጥፉ ግድግዳው ራሱ ይታዘባችኋል። የከተማው ሙዚየም ውስጥ የአባ ጅፋር ዕቃዎች አሉ። ለአልባሳት ባለሙያው አንድ ጠዋት እዚያ ማሳለፍ ምን ይከብደዋል?

<b>ሰው የሚናገረውን ቋንቋ መርሳት</b>

ጅማ ላይ የአማርኛ ፊልም ያለ አፋን ኦሮሞ ጽሑፍ አታሳዩ። የእንግሊዝኛውንም ትርጉም ለኮምፒውተር ብቻ አትተዉት። የቤተ መንግሥት ሰው በቅኔ ሲናገር፣ ሥሩ ያለው ጽሑፍ እንደ መድኃኒት መመሪያ ሲነበብ አይቻለሁ።

<b>ድምፁ የጠፋበት ምሽት</b>

ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ፊልሙን ለሲኒማ ቤት በተቀናበረ ባለ ስድስት ቻናል ድምፅ ይዘን መጣን። አዳራሹ ያለው ሁለት ስፒከር ነው። በላፕቶፕ ከፈትነው። ሙዚቃው ይሰማል፣ የፈረስ ኮቴ ይሰማል፣ ዝናብ ይሰማል። ተዋናዮቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ቃል የለም። ንግግሩ የሚመጣው በመሐለኛው ቻናል ነበርና እሱ የሚወጣበት ስፒከር አልነበረም። አንድ ተማሪ ከኋላ ሆኖ «ድምፅ አልባ ዘመን ነው እንዴ?» ሲል መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለት ቅጂ ያዙ። ለሲኒማ ቤት ዲሲፒ የሚባለው የሲኒማ ቤት ማጫወቻ የሚያነበው ቅጂ፣ ለአዳራሽ ደግሞ ተራ ፋይል በስቴሪዮ ድምፅ። ከዋዜማው ቀን አዳራሹ ውስጥ እስከ መጨረሻው አጫውቱት። አምስት ደቂቃ አይታችሁ «ይሠራል» አትበሉ። ጄኔሬተር እንዳለ ሳይሆን ናፍጣ እንዳለው ጠይቁ።

<b>ንግግር</b>

እባካችሁ። ተመልካቹ ፊልም ሊያይ ነው የመጣው። አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ይናገር፣ ይበቃል። ስፖንሰሩም፣ ኃላፊውም፣ የኃላፊው ተወካይም፣ ፕሮዲውሰሩም ተራ በተራ ሲያመሰግኑ አንድ ሰዓት ከሩብ የፈጀ ምረቃ ላይ ነበርኩ። ፊልሙ ሲጀምር የኋለኛው ወንበር ግማሹ ባዶ ነበር፤ ሰው ባጃጅ ሳያልቅ ልሂድ ብሏል። ምስጋናውን ፊልሙ መጨረሻ ላይ ጻፉት፤ ለዚያ ነው የተፈጠረው።

<b>ቀኑን በኢንተርኔት መምረጥ</b>

ጅማ ውስጥ ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው። በረመዳን ማታ ሰው ማፍጠሪያው ላይ ነው። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፊልም ማሳየት ደግሞ ከበሮ ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ እንደ መስማት ነው። የጅማን ዝናብ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ሐምሌ ላይ ሜዳ ላይ ስክሪን የሚዘረጋ።

<b>የሰው ታሪክ፣ የሰው ስም</b>

በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ከባለ ታሪኩ ወይም ከቤተሰቡ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። «ድፍረት» የተባለው ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫልም በርሊንም የተመልካች ሽልማት አግኝቶ ነበር። አዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዳው ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጥቶ አስቆመው። የሞተ ሰውም የልጅ ልጅ አለው።

<b>የሽልማት ቅጠል መግዛት</b>

በየወሩ «አሸንፈሃል» እያለ ለዋንጫውና ፖስተር ላይ ለሚታተመው የሽልማት ቅጠል ገንዘብ የሚጠይቅ ፌስቲቫል ፌስቲቫል አይደለም። ለእውነተኞቹ ደግሞ የማመልከቻው ክፍያ ካቃታችሁ በኢሜይል «ነፃ አድርጉልን» ብላችሁ ጠይቁ። ዶላር ፍለጋ ከመንከራተት ይሻላል፤ ደጋግመው እሺ ብለውኛል።

<b>ፈረሰኞቹን መርሳት</b>

ጅሬን ላይ አንድ የጦርነት ትዕይንት ሲቀረጽ ወደ ስልሳ የሚሆኑ የአካባቢው ሰዎች ፈረሳቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ሦስት ቀን ጭቃ ላይ ዋሉ። ፊልሙ አዲስ አበባ ተመረቀ፣ ማንም አልጠራቸውም። ጅማ ሲመጣም የጥሪ ካርዱ ለቢሮዎች ታደለ። በር ላይ ትኬት ስቆርጥ ከእነሱ አንዱ ከልጁ ጋር ተሰልፎ ሁለት ትኬት ገዛኝ። አፍሬ ብሩን ልመልስለት ብል እምቢ አለ።

ሲወጣ ጠብቄ «እንዴት ነበር?» አልኩት።

«እኔስ አለሁበት» አለ። «ፈረሴን ግን ቆርጣችሁታል።»