የግል የጁጂትሱ አሰልጣኝ እንዴት ይመረጣል?

የብራዚል ጁጂትሱ በቡጢና በእርግጫ የሚሠራ ስፖርት አይደለም። ባላጋራን መሬት ላይ አውርዶ፣ ይዞና ተጭኖ፣ በመጨረሻም ክንዱን ቆልፎ ወይም አንገቱን አንቆ እጅ የማሰጠት ጥበብ ነው። በአብዛኛው የሚማሩት በቡድን ነው። እኔ ግን በቨርጂኒያ የምኖር የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ፤ የቡድን ትምህርቱ ሲጀመር እኔ ሥራ እገባለሁ። ስለዚህ በግል የሚያስተምረኝ ሰው መፈለግ ነበረብኝ።

የመጀመሪያውን አሰልጣኝ የመረጥኩት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሜዳሊያዎች አይቼ ነው። በሦስተኛው ትምህርት ትከሻዬ ተጎዳ፤ ሁለት ወር ሙሉ ታካሚ ደግፌ ማንሳት አልቻልኩም። ካገገምኩ በኋላ ሁለተኛውን ለመምረጥ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከእርሱ ጋር ይኸው አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምጽፍልዎት በእነዚያ አምስት ሳምንታት ያደረግኩትን ነው።

1. ለምን እንደሚማሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

የእኔ እንዲህ ይል ነበር፦ «ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ብቻዬን ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ አንድ ሰው መሬት ላይ ቢጥለኝ ከሥሩ ወጥቼ መነሳት እፈልጋለሁ።» ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ሌላ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ክብደት መቀነስ የሚፈልግም ሌላ። ያገኙትን አሰልጣኝ ሁሉ በዚህ ይጀምሩት። አድምጦ ጥያቄ የሚጠይቅዎትና ወዲያው ስለ ራሱ ድሎች ማውራት የሚጀምረው ያኔውኑ ይለያሉ።

2. ቀበቶውን ማን እንደሰጠው ይጠይቁ

«ጥቁር ቀበቶውን ማን ሰጠዎት? መቼ?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ይከብዳል። ያደግነው መምህርን መመርመር እንደ ድፍረት በሚታይበት ቤት ነው። እኔም የመጀመሪያውን አሰልጣኝ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ነበር እሺ ያልኩት። ነገር ግን የቅኔ ሰው ስናገኝ ከማን እንደተማረ፣ ዋሸራ ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ መጠየቅ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እርሱም መምህሩን በኩራት ይጠራል። ጁጂትሱም እንዲሁ ነው። የአብዛኞቹ አሰልጣኞች ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ወደ ገባው ጃፓናዊ የጁዶ ሰው፣ ወደ ሚትሱዮ ማኤዳ ይደርሳል። አንዱ መስመር በካርሎስ ግሬሲ፣ ሌላው በሉዊስ ፍራንሳና በኦስቫልዶ ፋዳ በኩል ይወርዳል። ሙያውን በሥርዓት የተማረ ሰው ይህን ሐረግ ሳይቆጣ፣ ሳያንገራግር ይነግርዎታል። መልሱን የሚያድበሰብስ ከሆነ አመስግነው ይውጡ።

የቀበቶው ቅደም ተከተል ለአዋቂዎች ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማና ጥቁር ነው። ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን በደንቡ በሰማያዊ ቢያንስ 2 ዓመት፣ በሐምራዊ 1 ዓመት ከ6 ወር፣ በቡናማ 1 ዓመት መቆየትን ይጠይቃል። በተግባር ግን ጥቁር ለመታጠቅ አሥር ዓመት ገደማ መውሰዱ የተለመደ ነው። በሦስት ዓመት ጥቁር ታጠቅሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎት እንዴት እንደሆነ በደንብ ያስረዳዎት።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ ለጀማሪ ጥቁር ቀበቶ ግዴታ ነው ብዬ አላምንም። ማስተማር የሚችል ባለ ሐምራዊ ቀበቶ፣ ማስተማር ከማይችል ባለ ጥቁር ቀበቶ እጅግ ይሻላል። የእኔ አሰልጣኝ ስንጀምር ባለ ቡናማ ነበር።

3. ጀማሪ ሲያስተምር ቁጭ ብለው ይመልከቱ

ከሁሉም ይልቅ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። አሰልጣኙ የሚያስተምረውን የጀማሪዎች የቡድን ትምህርት ዳር ተቀምጠው ለማየት ይጠይቁ። በጎ ማሰልጠኛ ይፈቅድልዎታል። እኔ ስድስት ቦታ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ሁለቱ ከልክለውኛል፤ ተመልሼም አልሄድኩባቸው።

ሲቀመጡ ዓይንዎን አሰልጣኙ በሚያሳየው ትርኢት ላይ አይጣሉ። ሁሉም ሲያሳዩ ያምርባቸዋል። ይልቁንም ክፍሉ ውስጥ በጣም የተቸገረውን ተማሪ ፈልገው ያግኙና እርሱን ይከታተሉ። አሰልጣኙ መቼ ያየዋል? ሲመጣስ ምን ያደርጋል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያየሁትን ልንገርዎት። አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ወፈር ያሉ ባለ ነጭ ቀበቶ እናት አንድ ወጣት ሆዳቸው ላይ ተቀምጦባቸው ለመውጣት ይታገላሉ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ የተቀመጠውን ሰው አንድ ክንድና በዚያው በኩል ያለውን እግሩን ይዞ ማሰር፣ ከዚያ ዳሌን እንደ ድልድይ ሽቅብ ማንሳትና በታሰረው ጎን መገልበጥ። አራት ጊዜ ሞከሩ፤ አራቱንም ጊዜ ወጣቱ ንቅንቅ አላለም። አሰልጣኙ መጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ መመሪያውን አልደገመም፤ ወጣቱን አስነስቶም «እንዲህ ነው» ብሎ ራሱ አልሠራውም። አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተጋደመ፣ እግራቸውን አየ፣ ከዚያ ተረከዛቸውን ይዞ አንድ ስንዝር ያህል ወደ መቀመጫቸው አስጠጋው። «አሁን» አለ። ዳሌያቸው ተነሳ፤ ወጣቱ ተገለበጠ። ችግሩ የጉልበት ሳይሆን የአንድ ስንዝር ነበር፤ ስንዝሯን ያየው ደግሞ እርሱ ብቻ ነው። ያን ዕለት ቀጠሮ ያዝኩ።

የመጀመሪያው አሰልጣኜ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ሁለት ስልት አሳይቶኝ ያውቃል። ቤቴ ገብቼ ልጽፋቸው ስቀመጥ አንዱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስታወስ አልቻልኩም። ሰውየው ድንቅ ተፋላሚ ነው፤ ሰውነቱ ግን ብዙውን ነገር ሳያስበው ስለሚሠራው ለሌላ ሰው ከፋፍሎ ማስረዳት አይችልም። አንድ ወይም ሁለት ነገር መርጦ ሰዓቱን ሙሉ የሚያመላልስዎትን ሰው ይፈልጉ።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር እጅ አሰጣጥ ነው። በቋንቋችን «እጅ ሰጠ» የተባለ ሰው አንገቱን ይደፋል። በጁጂትሱ ምንጣፍ ላይ ግን እጅ መስጠት በየደቂቃው የሚሠራ ነገር ነው፦ ባላጋራዎን በእጅዎ መታ መታ ያደርጉታል፣ እርሱም በዚያችው ቅጽበት ይለቃል። ስፖርቱ ሰው ሳይጎዳ የሚኖረው በዚህች ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ማራካና ስታዲየም ኤሊዮ ግሬሲ ከጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ሲገጥም ክንዱ ተጠምዝዞ ቢሰበርም እጅ አልሰጥም አለ፤ ፍልሚያውን ያስቆመው ወንድሙ ካርሎስ ነው። ክንድን አጥፎ ወደ ጀርባ በመጠምዘዝ ትከሻን የሚያስጨንቀው ያ ስልት ከዚያ ወዲህ ኪሙራ ይባላል። ታሪኩን ብዙ አሰልጣኞች በአድናቆት ይተርኩታል። እኔ በኪሙራ የተጎዳሁ ሰው ስለሆንኩ አላደንቀውም።

የእኔ ጉዳት የደረሰው እንዲህ ነው። አሰልጣኙ ክንዴን ቆልፎ እያብራራልኝ ነበር። ጭኑን ሁለት ጊዜ መታሁት። «ገና ነው፣ ትንሽ ጠብቂ» አለና ማብራራቱን ቀጠለ። ሦስተኛውን ስመታ ትከሻዬ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ስለዚህ ዳር ተቀምጠው ሲያዩ ይህን ይመርምሩ፦ ተማሪ መታ ሲያደርግ አሰልጣኙ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይለቃል? ቁልፉን የሚያጠብቀው ቀስ እያለ ነው? እርሱስ ከተማሪዎቹ ጋር ሲታገል እጅ ይሰጣል? ለተማሪ እጅ የሚሰጥ አሰልጣኝ ሳይ ደስ ይለኛል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ተረከዝን ይዞ ጉልበትን የሚጠመዝዝ ቁልፍ አለ። ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ፌዴሬሽኑ ጊ በሚባለው ወፍራም ልብስ በሚደረግ ውድድር ፈጽሞ ይከለክለዋል፤ ያለዚህ ልብስ በሚደረገውም ቢሆን ለቡናማና ለጥቁር ቀበቶ አዋቂዎች ብቻ ነው የሚፈቅደው። ይህን ለጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሠራ ሰው ጉልበትዎን አደራ የሚሰጡት ሰው አይደለም።

4. አንድ ሰዓት ብቻ ይግዙ

የአሥር ትምህርት ጥቅል በቅናሽ ሲቀርብልዎት አይቸኩሉ። እኔ ከፍዬ ሰባቱን ሳልማር ቀርቻለሁ፤ ገንዘቡም አልተመለሰልኝም። ዋጋው በእኛ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ከ80 እስከ 150 ዶላር ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ ውዱ የተሻለ ሆኖ አላገኘሁትም።

በዚያች ሰዓት አሰልጣኙ ከመንካቱ በፊት ስለ ጤናዎ ሊጠይቅዎት ይገባል፦ የድሮ ስብራት፣ የአንገት ወይም የወገብ ሕመም፣ እርግዝና። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ባይጠየቁም ይናገሩ፤ ሐኪምዎንም አስቀድመው ያማክሩ። የእኔ አሰልጣኝ ከጤናዬ ቀጥሎ ያስተማረኝ እጅ መስጠትን ነው፦ በሰውነቱ ላይ መምታት፣ ምንጣፉን መምታት፣ ሁለቱም እጆቼ ከተያዙ ደግሞ በድምፅ መናገር። ሦስቱንም አሠራኝ። ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱ የጀመረው።

5. ሦስተኛ ሰው እንዲኖር ያድርጉ

ይህ ለሴቶች በተለይ፣ ለልጆች ደግሞ ያለ ምንም ድርድር ነው። ጁጂትሱ ሰውነት ከሰውነት ጋር የሚገናኝበት ስፖርት ስለሆነ በተዘጋ ክፍል ከማያውቁት ሰው ጋር ብቻዎን መሆን የለብዎትም። ሌሎች ሰዎች ባሉበት ሰዓት ቀጠሮ ይያዙ፣ በሩም ክፍት ይሁን። ልጅ ከሆነ ወላጅ እያየ ይማር። ይህን ስጠይቀው የአሁኑ አሰልጣኜ «እኔም የምመርጠው እንደዚያ ነው» አለኝ።

ለትምህርቱም ይጠቅማል። አሰልጣኙ ከእርስዎ ጋር ሲታገል እግርዎን ማየት አይችልም፤ እርስዎ ሌላ ሰው ላይ ሲሠሩ ግን ዙሪያዎን እየዞረ ያያል። እኔ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ መሄድ ጀመርኩ፤ ክፍያውንም ለሁለት እንካፈላለን።

ንጽሕናን በተመለከተ፦ ምንጣፉ በየቀኑ በፀረ ተዋሲያን መወልወሉን ይጠይቁ፤ ሰዎች በባዶ እግራቸው መጸዳጃ ቤት ገብተው ወደ ምንጣፉ ሲመለሱ ካዩ ይውጡ። ጭርት በዚህ ስፖርት እጅግ በቀላሉ ይዛመታል። ውድ ጊ ለመግዛት አይቸኩሉ፣ ንጹሕ ይሁን እንጂ ማንኛውም ይበቃል። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ግን በስልክ ለመቅረጽ ይፍቀድልዎት፤ እኔ ከኢንተርኔት ቪዲዮዎች ሁሉ ይልቅ የተጠቀምኩት በእነዚህ ነው።

6. ከአራተኛው ትምህርት በኋላ ይፈትኑት

ከእርስዎ የሚከብድ ሰው ይዘው ይሂዱና የተማሩትን አንድ ነገር እየተቃወመዎት ይሞክሩ። ባልደረባዬ ከእኔ በሃያ ኪሎ ትበልጣለች። ሆዴ ላይ ተቀመጠች፣ የምትችለውን ያህል ከበደችብኝ። ክንዷንና እግሯን አሰርኩ፣ ተረከዜን ወደ መቀመጫዬ አስጠጋሁ፣ ዳሌዬን አነሳሁ። በመጀመሪያው አልሆነም። አሰልጣኙ ቆሞ ዝም ብሎ አየኝና ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ትከሻዬ አቅጣጫ እንድገፋ ነገረኝ። በሁለተኛው ምንጣፉ ላይ ነበረች። በማግስቱ የአሥሩን ጥቅል ከፈልኩ።