ኬዮስ ቲዎሪን በካልኩሌተር መሞከር

ኬዮስ ቲዎሪ፣ ማለትም ትንሽ የመነሻ ልዩነት ውጤቱን ጭራሽ ሌላ የሚያደርግባቸውን ነገሮች የሚያጠናው ዘርፍ፣ ስለ ሕይወትዎ ምን እንደሚል ከመፈላሰፍዎ በፊት እስቲ ያስሉት። ከ0.3 ይነሱ፤ ከ1 ላይ ይቀንሱት፣ ቀሪውን በመነሻው ቁጥር፣ በ0.3፣ ያባዙ፣ ከዚያ በ4። የተገኘውን በ0.3 ቦታ መልሰው እያስገቡ ይደጋግሙ። ቀጥሎ ከ0.3001 ይጀምሩ። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ 12ኛው ስሌት ላይ ግን አንዱ 0.55፣ ሌላው 0.15 ገደማ ይሆናል።

በመሀል አያጠጋጉ። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 እ.ኤ.አ. 0.506127ን 0.506 ብሎ ቢያስገባ የኮምፒውተሩ የአየር ጠባይ ስሌት ጭራሽ ሌላ ሆኖ ወጥቷል። በእኛው ስሌት ከ0.5 ከተነሱ ደግሞ ወዲያው 0 ላይ ይቀራሉ፤ 0.75ም ንቅንቅ አይልም።

እዚህ ውስጥ ዕድል የሚባል ነገር የለም፣ ሕጉ አንድ ነው። መነሻውን 10 እጥፍ አጥርተው ቢለኩ እንኳ ስሌቶቹ ከመለያየታቸው በፊት የሚያተርፉት በአማካይ 3 እርምጃ ያህል ነው። «ትንሽ ነገር ሕይወቴን ቀየረው» ማለት ያስኬዳል፤ የትኛዋ እንደምትቀይር አስቀድሞ መለየት ግን አይቻልም።