ከፊልም አንድ ትዕይንት መልሶ በመቅረጽ ቀረጻና ኤዲቲንግ መልመድ

ቀረጻ ለመጀመር የራስ ድርሰት እስኪያልቅ መጠበቅ የለባችሁም። ከምትወዱት ፊልም አንድ ትዕይንት ምረጡና እንዳለ መልሳችሁ ቅረጹት። ሁለት ስልክና ሁለት ጓደኛ ይበቃል።

ድብድብና መኪና ያለበት ይቅርባችሁ። ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት፣ ከአንድ ደቂቃ የማያልፍ ይሁን።

መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ምስሉ በተቀየረ ቁጥር አቁሙና ጻፉ፦ ማን ይታያል? ከሩቅ ነው ከቅርብ? ስንት ሰከንድ ቆየ? ሥራው ያሰለቻል፤ ዋናው ትምህርት ያለው ግን እዚሁ ነው። አንዱ እያወራ ካሜራው የአድማጩን ፊት የሚያሳይበት ጊዜ ብዙ መሆኑን ያኔ ታያላችሁ።

ቦታን በተመለከተ፣ ጅማ ላላችሁ ጅሬን ወጥቶ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መቅረጽ ያጓጓል። ለልምምድ ግን ባጃጅ የማይበዛበት ሰፈር ያለ በረንዳ ይሻላል። ጅማ ዝናብ አታጣምና ቆርቆሮ ሥር ከሆናችሁ ሰማዩን ቀድማችሁ እዩ፤ ዝናቡ ከጀመረ ንግግሩ አይሰማም። የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ስለምትጥል ከጠዋቱ 1 እስከ 2፡30 ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቅረጹ። ደመናማ ቀን ደግሞ አሪፍ ነው።

ስልኩን አግድሙት። ሴቲንጉ ካለው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አድርጉት፤ ሲኒማ የለመደው እሱን ነው። ስክሪኑ ላይ የተዋናዩን ፊት ተጭናችሁ ያዙ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል።

በሁለቱ ሰዎች መካከል መስመር እንዳለ አስቡ። ካሜራው ከመስመሩ በአንድ ወገን ብቻ ይቁም። ከተሻገረ፣ ኤዲት ሲደረግ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ።

ሙሉውን ንግግር ሦስት ጊዜ ቅረጹ፦ ሁለቱንም በሰፊው፣ ከዚያ በአንደኛው ትከሻ በኩል፣ ከዚያ በሌላኛው። ተዋናዩ ሲኒውን በየትኛው እጁ፣ የትኛው ቃል ላይ እንዳነሳ መዝግቡ፤ በሦስቱም እንዲሁ ያንሳ። ሁለተኛው ስልክ ድምፅ ይቅዳ፤ ከተናጋሪው አጠገብ፣ ካሜራ በማያየው ቦታ ይቀመጥ። ስትጀምሩ አንዴ አጨብጭቡ፤ በኋላ ድምፅና ምስል የምታገጣጥሙት በእሱ ነው። በመጨረሻም ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ 30 ሰከንድ ያህል ቅዱ፤ በቁርጦቹ መሃል ክፍተት ይሸፍንላችኋል።

ለኤዲቲንግ ስልክ ላይ ካፕከት፣ ኮምፒውተር ላይ ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይሆናል። ያ ሲኒ እዚህ ይጠቅማል። ከጠረጴዛው ተነስቶ ከንፈር ሳይደርስ ሰፊውን ምስል ቁረጡና የቅርቡን አስገቡ። የተመልካች ዓይን እጁን ስለሚከተል ቁርጡን አያስተውለውም። ቀጥሎ የአንዱን ድምፅ ፊቱ ከመታየቱ በፊት አስጀምሩት፤ ንግግሩ ወዲያው ይለሰልሳል።

ስትጨርሱ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን እዩት። በጣም የተለያየውን ሾት (አንዱን የቀረጻ ቁራጭ) ብቻ በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት።