ጊግ ላይ የጊታር አምፕ ድምፅ ሲበላሽ መጀመሪያ የመብራቱን ቮልቴጅ ለኩ

ሳውንድ ቼክ (ከሾው በፊት ድምፅ ሲሞከር) ላይ አሪፍ የነበረው ድምፅ ማታ ሰው ሲሞላ ልፍስፍስ ካለ፣ ቤዙ ከተዝረከረከ፣ ቮልዩም ስትጨምሩ ከመጉላት ይልቅ ከታፈነ፣ ኖብ ከመነካካታችሁ በፊት ቴስተር አውጡ። ቀን 220 የነበረው ሶኬት ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስና የአዳራሹ መብራት ከፒኤው (ከትልልቆቹ ስፒከሮች) ጋር ሲጨመርበት 190 ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ የሚለካው ሁሉም ነገር በርቶ ባንዱ እየተጫወተ ነው እንጂ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አይደለም።

ትዩብ አምፕ ላይ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም የትዩቡ ከፍተኛ ቮልቴጅም ትዩቡን የሚያሞቀው ሽቦ፣ የፊላመንቱ ቮልቴጅም አብረው ይወርዳሉ፣ ክሊን ሆኖ የሚጮህበት አቅም ይቀንስና ቶሎ ዲስቶርት ያደርጋል። የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ሆን ብሎ በቫሪያክ (ቮልቴጅ እንደፈለጉ በሚቀይሩበት ትራንስፎርመር) ቮልቴጁን አውርዶ ይጫወት ነበር፣ እሱ ግን የፈለገው ቁጥር ላይ ያቆመዋል፣ እኛን የሚያስቸግረን ዘፈን መሃል መዋዠቁ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ 120 ቮልት አምፕ ያላችሁ ደግሞ በደንብ ስሙኝ። ከ220 ወደ 110 የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ምንም አያስተካክልም፣ የገባለትን በግማሽ ነው የሚያወጣው፣ 190 ከገባ 95 ይወጣል፣ 6.3 ቮልት የሚፈልገው ፊላመንት 5 አካባቢ ብቻ ይደርሰዋል። ቮልቴጅ የሚያረጋ ስታቢላይዘር ከትራንስፎርመሩ በፊት አድርጉ፣ ሰርቮ (በሞተር የሚያስተካክለው) ቢሆን ይሻላል፣ ሪሌይ ያለው በደረጃ ስለሚዘል ድምፁም አብሮ ይዘላል። ሰርቮውም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የሚያስተካክለው፣ ለቅጽበት ብልጭ ድርግም አይደርስም።

ሶኬቱ ላይ ደህና ሆኖ አምፑ ጋር ሲደርስ ከወረደስ? ጥፋቱ የገመዱ ነው። ረጅም ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር አትቀጥሉ፣ 2.5 ካሬ ገመድ ከብሬከሩ በቀጥታ ሳቡ፣ ጥቅልሉንም ፍቱት፣ እንደተጠቀለለ ከቀረ ይሞቃል።

ዝዝዝ የሚል ድምፅ ጊታሩን ይዛችሁ ስትዞሩ ከተቀየረ ፒክአፑ (ከጊታሩ ክር ስር ያለው ድምፅ ተቀባይ) የመብራቱን ዲመር (ድምቀት መቀነሻ) እየሰማ ሊሆን ይችላል፣ ራቅ በሉ፣ የመድረክ መብራቱም ከሌላ መስመር ይሳብ። ዞራችሁም የማይቀየር፣ አምፑን ከሚክሰሩ ስትነቅሉት ግን የሚጠፋ ሀም (እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ) ከሆነ ግራውንድ ሉፕ ነው፣ ማለት ሁለቱ መሳሪያዎች በሁለት መንገድ ኧርዝ ተገናኝተዋል፣ ሁለቱን ከአንድ መስመር አብሩ፣ ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ገመዱን ኧርዝ የሚለይ ማብሪያ) ባለው ዲአይ ቦክስ፣ ማለት አምፕን ከሚክሰር በሚያገናኘው ሳጥን፣ አገናኙ። የመብራቱን የኧርዝ ሽቦ ግን በፍጹም እንዳትቆርጡ! ማይክ ከንፈር ሲነካ የሚነዝረው ከኧርዝ ችግር ነው፣ ሰው ይገድላል።

መብራቱ ድንገት ከደመቀ፣ ቴስተሩ 250 እና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ኒውትራሉ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ዘፈኑ አለቀ አላለቀ ሳትሉ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ኤሌክትሪሻን ሳያየው አትመልሱት።

የጊታር ኢፌክት የሚሠራው ዲጂታል ፕሮሰሰር በየመሃሉ ከጠፋና ራሱን ካስነሳ ፒዩር ሳይን (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ) ዩፒኤስ ይበቃዋል፣ ርካሹ ስኩዌር ዌቭ የሚያወጣው ራሱ ጩኸት ሊያመጣባችሁ ይችላል። ወደ ጄኔሬተር ሲቀየር ደግሞ አምፑን አጥፉ፣ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቁና ለክታችሁ አብሩ።