የታይ ማሳጅ በቤት ውስጥ፦ ከእግር ጀምሩ

መጀመሪያ ዘይቱን ወደ ቦታው መልሱት። ቅቤውንም። የታይ ማሳጅ የሚሠራው በደረቅ እጅ ነው፤ የምታሹት ሰው ሰፋ ያለ የጥጥ ሱሪና ቲሸርት ለብሶ ወለል ላይ በጀርባው ይተኛል። አልጋ አይሆንም፤ ስትጫኑት ስለሚሰምጥ ድካማችሁ ሁሉ ስፖንጁ ውስጥ ይቀራል። እኔ ቀጭን ፍራሽ ዘርግቼ ከላዩ ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ። ፍራሹ ሰፊ ቢሆን ይሻላል፣ እናንተም ተንበርክካችሁ የምትሠሩት እዚያው ላይ ነውና። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። እራት ተበልቶ ከሆነ ትንሽ ይንሸራሸር።

እኔ ይህን የተማርኩት ባንኮክ ነው። አክስቴን ለሕክምና ይዤ ሄጄ ቀጠሮው ሲራዘም፣ ሥራ ፈትቼ ሆቴል ከምቀመጥ ብዬ ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ትምህርት ቤት ገባሁ። ትልቁ የተጋደመ የቡድሃ ሐውልት ያለበት፣ ቱሪስት የሚጋፋበት ግቢ ነው። ንጉሥ ራማ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ቤተ መቅደሱን ሲያሳድሱ የዘመኑን የሕክምና ዕውቀት ድንጋይ ላይ አስቀርጸው ማንም መጥቶ እንዲያነበው አድርገዋል፤ ሰውነት ላይ የት የት እንደሚጫን የሚያሳዩት ሥዕሎች ዛሬም ግድግዳው ላይ አሉ። ዩኔስኮም ኑዋድ ታይ የሚሉትን ይህን ሙያ እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የጀማሪዎቹ ኮርስ 30 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ እግር የሚወስደውን ጊዜ ሳይ ገርሞኝ ነበር፤ አሁን ቤት ውስጥ የምሠራው ግን ከሞላ ጎደል እግር ብቻ ነው።

አስተማሪያችን በመካከላችን እየዞረች የታጠፈ ክርን ስታይ በጣቷ ነካ ታደርግ ነበር። ክርን ከታጠፈ በክንድ ጡንቻ እየገፋችሁ ነው ማለት ነው፤ በአሥር ደቂቃ ትደክማላችሁ፣ የሚታሸውም ሰው ጉሸማ እንጂ ጫና አይሰማውም። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጉ፣ መዳፋችሁን አሳርፉ፣ ከዚያ ወገባችሁን ወደፊት አዘንብሉ። የሚጫነው ክብደታችሁ ነው። ቀስ ብላችሁ ትገባላችሁ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ትቆያላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ትወጣላችሁ።

አሁን እግሩ ዘንድ ተንበርከኩ። ሁለቱን ውስጥ እግሮች በሁለት መዳፍ ይዛችሁ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተወዛወዛችሁ ተጫኑ። ከዚያ አንዱን እግር ምረጡ፤ ለሴት ከግራ፣ ለወንድ ከቀኝ ይጀመራል፣ ልማዱ እንዲያ ነው። በአውራ ጣት ከተረከዙ መሃል ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ እስከ ጣቶቹ ሥር ውጡ፣ እንደገና ከተረከዙ ወደ አውራ ጣቱ፣ እንደገና ወደ ትንሿ ጣት። ቁርጭምጭሚቱን በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳብ አድርጉ፤ እንዲንቋቋ ግን አታስገድዱ፣ ድምፁ ምንም አይፈይድም።

ከዚያ ወደ ላይ። በመዳፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ ጀምራችሁ ባቱን በውስጥ በኩል እየተጫናችሁ ውጡ፣ ጉልበቱ ላይ ስትደርሱ ዝለሉት፣ ከጉልበት በላይ ጭኑን ቀጥሉ፣ ብሽሽት ሳትደርሱ ተመለሱ። ያንኑ መንገድ በአውራ ጣት ድገሙት። በውጪ በኩል ደግሞ ከቅልጥሙ አጥንት አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ጡንቻው ውስጥ ገባ የሚል መስመር አለ፤ ቆሞ የሚውል ሰው እዚያ ሲነካ ወዲያው «እሱን! እሱን!» ይላል። እዚያ ላይ አትቸኩሉ። ሲያበቃ ተረከዙን በመዳፋችሁ ይዛችሁ እግሩን ቀጥ እንዳለ እስኪወጠር ድረስ አንሱ፣ ትንሽ ያዙት፣ አውርዱ። ሌላኛው እግርም እንዲሁ።

ታዮቹ ሰን የሚሏቸው 10 ዋና መስመሮች አሉ፤ ከእምብርት አካባቢ ተነስተው በሰውነት ይሰራጫሉ፣ ነፋስም ይመላለስባቸዋል ይላሉ። ነርቭም ደም ሥርም አይደሉም፣ ሐኪም ሰውነት ቢከፍት አያገኛቸውም። እኔም ነፋስ ከፈትኩ ብዬ ለማንም አልናገርም። ግን አውራ ጣት እንዳይባዝን ጥሩ ካርታ ናቸው፤ መስመር የያዘ እጅ የዘለለውን ቦታ ያውቃል።

አክስቴ መርካቶ ሱቅ ስላላቸው ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ነው የሚውሉት፤ የለመዱትም ወጌሻ ነው። «ጠበቅ አድርጊው እንጂ ልጄ፣ ልብሴን ነው እንዴ የምትዳብሺው?» ይሉኛል። አልሰማቸውም። የማየው ፊትና ትንፋሻቸውን ነው፦ ትንፋሽ ከታፈነ፣ የእግር ጣት ከተኮማተረ፣ አፋቸው «በርቺ» ቢልም አላላለሁ።

የማልነካቸውም አሉ። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ በተለይ ከረጅም በረራ በኋላ ወይም ብዙ ከተኙ በኋላ፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ብታሹት ተነቅሎ ሳንባ ሊደርስ ስለሚችል ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ያበጠ የደም ሥር ላይ በአውራ ጣት አይጫንም። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲያመው ስለማይነግራችሁ እሱን ተዉት። እርጉዝ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አጥንቱ የሳሳ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይታሽም። ስብራትና ወለምታም የዚህ ሥራ አይደሉም። ዩቲዩብ ላይ ብሽሽት ውስጥ ያለውን የደም ሥር ለአፍታ ተጭነው ሲለቁ ታያላችሁ፣ «የነፋስ በር» ይሉታል፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ሁለቱን እግር በደንብ ከሠራችሁ ሠላሳ አርባ ደቂቃ ይወስዳል። በማግሥቱ አውራ ጣታችሁ ካመማችሁ አብዝታችኋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጣቱን ለውስጥ እግርና ለቅልጥሙ መስመር ብቻ አቆዩት፣ ሌላውን ሁሉ በመዳፍ ሥሩ።